«ኒውክሌር ሊወጓት ነው አሉኝ»፦ ስለ አጥንት ስካንና ስለ ሲቲ መድኃኒት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሐዋሳ፣ ከታቦር ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በግራ ጡቷ ካንሰር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆናለች፤ ኬሞውንም ጨርሳለች። አሁን ወገቤን አመመኝ ስትል ሐኪሟ ሁለት ነገር አዘዘላት። አንዱ እዚሁ ሐዋሳ በመድኃኒት የሚሠራ ሲቲ ስካን ነው። ሌላው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሄዳ የምትነሣው የአጥንት ስካን ነው። ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። አንገቷ ላይ የቆየ እንቅርት አለ። ዓሣ ስትበላ ሰውነቷ ሽፍ ይልባታል። ዘመድ ሁሉ ‹ኒውክሌር ሊወጓት ነው፣ ያለውንም ይቀሰቅስባታል› እያለ አስፈራርቶናል። ጎረቤታችንም አዲስ አበባ የሆነ ነገር ውጣ መጥታ ከልጆቿ ተለይታ ስትቀመጥ አይተናል። እኔ የሰባት ወር ልጅ አጠባለሁ፤ ልጁ የሚያድረው ከእናቴ ጋር ነው። ልውሰዳት ወይስ ይቅርባት?»

መልስ፦ ውሰጃቸው። ሁለቱም ይሠራላቸው። ግን ሲቲው ከመነሣቱ በፊት መጨረስ ያለብሽ ነገር አለ።

ቤተሰብሽ እንቅልፍ ያጣው በአጥንት ስካኑ ነው። እኔ ግን ውሎዬ ራዲዮሎጂ ክፍል ነው፤ የእናትሽ ሁለት ወረቀቶች እጄ ቢገቡ ቆም ብዬ የማነበው የሲቲውን ነው። ስኳሩም፣ እንቅርቱም፣ ሽፍታውም የሚመለከተው የሲቲውን መድኃኒት ነው። ያ ሁሉ የተፈራው ከሁለቱ ቀለል ያለው ነው። እስቲ ከእሱ እንጀምርና ፍርሃቱን እናስታግሠው።

ለአጥንት ስካን ክንዳቸው ላይ አንዲት ትንሽ መርፌ ይወጋሉ። መርፌው ውስጥ አጥንት የሚስበው የፎስፌት ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። ከእሱ ጋር ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል ጨረር ሰጪ ተያይዟል። ከዚያ 3 ሰዓት ገደማ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ሥራቸው ውሃ መጠጣትና ሽንት መሽናት ነው። መድኃኒቱ አጥንት በሚሠራበትና በሚጠገንበት ቦታ ይሰበሰባል። ቀጥሎ አልጋ ላይ ይጋደማሉ፤ ጋማ ካሜራ የሚባለው መሣሪያ በላያቸው ቀስ ብሎ ያልፋል። መሣሪያው ራሱ ጨረር አይለቅም። ከእሳቸው ሰውነት የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ። ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ካሜራው ወደ ፊት ቀረብ ሲል ብዙ ሰው ይደነግጣል። መጾም አያስፈልግም። የስኳር መድኃኒታቸውን እንደወትሮው ይውሰዱ፣ ቁርሳቸውንም ይብሉ።

ቴክኒሺየም ዕድሜው አጭር ነው። በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከተወጉ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚቀረው ሩቡ ነው። በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ከ16 አንድ እጅ ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ በሽንት የወጣውን ሳንቆጥር ነው።

የጨረሩ መጠንስ? የአጥንት ስካን ከ4 እስከ 5 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ሰው ምንም ሳይታከም፣ ከአፈሩ፣ ከድንጋዩ፣ ከሰማዩና ከሚበላው ምግብ በዓመት የሚያገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ስለዚህ እናትሽ በአንድ ቀን የሚያገኙት የሁለት ዓመት ያህሉን ነው። የሆድና የደረት ሲቲ ሲደመር ከዚህ ይበልጣል። ሲቲውን ግን ማንም «ጨረር» ብሎ አልፈራውም፤ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

«ያለውን ይቀሰቅሳል» የሚለው እውነት አይደለም። ይህን ያህል ጨረር ያለ ካንሰርን አያነሣሣም። ማንኛውም ጨረር ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ ካንሰር የማምጣት በጣም ጥቂት ዕድል አለው፤ ይሄን አልደብቅሽም። የ58 ዓመት ሴት፣ ጡታቸው ታክሞ አሁን ወገባቸውን ሲያማቸው ግን ሚዛኑ የት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። አደጋው ያለው በሽታው አጥንት ገብቶ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አለርጂም በዚህ መርፌ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። የሚወጋው ንጥረ ነገር በክብደት ኢምንት ነውና።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ። ያያችሁት ነገር እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። የሚዋጥ ሆኖ ከልጆች የሚያስለይ ከሆነ፣ አዮዲን 131 ሳይሆን አይቀርም። እሱ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው ዕጢ) ሕክምና ነው። በግማሽ ለመቀነስ 8 ቀን ይፈልጋል። ከዚያም በላይ፣ የታይሮይዱን ሴሎች ሆን ብሎ የሚያጠፋ ዓይነት ጨረር ይለቃል። ስለዚህ ሴትዮዋ ከልጆቻቸው መራቃቸው ትክክል ነበር። የሚያጠቡ ቢሆኑ ኖሮ ያንን ልጅ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ማጥባት አይችሉም ነበር። እናትሽ የሚወጉት ግን እሱን አይደለም። ለጎረቤት የታዘዘውን ጥንቃቄ ለእሳቸው አታውሱት።

ስለ ልጅሽ ልንገርሽ። አንቺ አልተወጋሽም፤ ወተትሽ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። አጥቢው። ሕፃኑን ይዘሽ አዲስ አበባ ከሄድሽ ግን በመጠበቂያው ሰዓት ሌላ ሰው ውጪ ይያዘው። እዚያ የሚቀመጡት እናትሽ ብቻ አይደሉም፤ ሌሎችም የተወጉ ሰዎች አሉ። በዚያች ሌሊት ልጁ ከአንቺ ጋር ይደር። እናትሽ ሽንት ቤት ሲሄዱ ውሃ በደንብ ያፍስሱበት፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በማግስቱ ተነሥተው 275 ኪሎ ሜትሩን ተጉዘው ሐዋሳ ሲገቡ ልጁን ይቀፉት፤ አብረው ይደሩ። መኪና ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠውም ሰው ምንም አይሆንም። ጀርባ ለጀርባ ካልሆነ አልቀመጥም የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ተዪው። ከእናንተ ጋር የምትሄድ እርጉዝ ካለች ግን ያን ዕለት ሌላ ሰው ቢተካት ይሻላል።

አዲስ አበባ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ። ይህ መድኃኒት እንደ ፓራሲታሞል መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ቴክኒሺየም የሚገኘው ሞሊብዲነም 99 ከሚባል ነገር ነው፤ እሱም በ66 ሰዓት ግማሹ ያልቃል፤ የሚመጣው ደግሞ ከውጭ ነው። ጭነቱ ሲዘገይ ቀጠሮው ሁሉ ይዘገያል። ከሐዋሳ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ደርሶ «ዛሬ የለም» መባል ያናድዳል። ቀድማችሁ እዚያ እደሩ፤ በቀጠሮው ሰዓትም ተገኙ። ለእሳቸው የተዘጋጀው መርፌ እየጠበቀ አይቆይም፤ ሰዓቱ ሲሄድ ኃይሉም ይሄዳል።

አሁን ሲቲው። የሚወጋው አዮዲን ያለበት፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። ኦምኒፓክ፣ አልትራቪስት፣ ቪዚፓክ በሚሉ ስሞች ይመጣል። መጠኑ ለአዋቂ ሰው 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ከአጥንት ስካኑ መርፌ ጋር አይወዳደርም።

ከዓሣው እንጀምር። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ወርዶ ሾርባውን የማይቀምስ ሰው ባለመኖሩ ይሁን አላውቅም፣ ይሄ ጥያቄ እኛ ጋ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ዓሣ የማይስማማው ሰው ይሄን መድኃኒት አይወጋም የሚባለው የቆየ ወሬ ነው፤ ከባለሙያም አፍ ትሰሚዋለሽ። የዓሣ አለርጂ የሚመጣው ሥጋው ውስጥ ካለ ፓርቫልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ከአዮዲን ጋር አይገናኝም። አዮዲንማ ወጥ በምትሠሪበት ጨው ውስጥም አለ፤ እናትሽ ይበሉታል። ለማንኛውም ነገር አለርጂ ያለበት ሰው፣ አስም ያለበትም፣ ከሌላው ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል ስላለው ይነገር። ሲቲው ግን በቆሮሶ ዓሣ ምክንያት አይቀርም።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ከዚህ በፊት ይሄንኑ መድኃኒት ተወግተው ያውቃሉ? ያኔስ ምን ሆኑ? ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሲቲ ተነሥተው ከሆነ ያስታውሱታል። ሽፍ ብሎባቸው፣ ፊታቸው አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሯቸው ከነበረ ይሄን ሳይነገር መግባት የለም። የተወጉትን ስም ከወረቀቱ ፈልጊ። ሐኪሙ ወደ ሌላ ዓይነት ሊቀይር ይችላል፤ ከሰዓታት በፊት የሚጀመር መከላከያ መድኃኒትም አለ። ከፋርማሲ ገዝተሽ ግን በራስሽ እንዳትሰጫቸው፤ ስኳራቸውን ሽቅብ ይሰቅለዋል።

ቀጥሎ ኩላሊት። መድኃኒቱ የሚወጣው በሽንት ነው። ስኳር ደግሞ ኩላሊትን ቀስ እያለ፣ ሕመም ሳያሰማ ይጎዳል። ስለዚህ ሲቲው ሳይነሣ የቅርብ ጊዜ የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም) ምርመራ ይኑራቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ 1.2 የሚል ቁጥር ታይቶ «ኖርማል ነው» ይባላል። ለ25 ዓመት ወንድ እውነት ነው፤ ስሌቱ የኩላሊቱን ማጣሪያ ኃይል 86 አካባቢ ያደርገዋል። ያው 1.2 በ58 ዓመት ሴት ላይ ሲሰላ ግን 52 አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ኩላሊቱ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ክሬቲኒኑን ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። «በዕድሜዋ ተሰልቶ ስንት ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ። ከ30 በላይ ከሆነ፣ ኩላሊቱም በቅርቡ ድንገት ካልተጎዳ፣ በአብዛኛው ያለ ችግር ይነሣሉ። ከ30 በታች ከሆነ ሐኪሞቹ ቁጭ ብለው ይወስኑ፤ ፈሳሽ በደም ሥር ሊሰጣቸው ይችላል።

ሜትፎርሚኑ የሚታየውም ከዚሁ ቁጥር ጋር ነው። ሜትፎርሚን ኩላሊት አይጎዳም። ችግሩ፣ ኩላሊት ድንገት ቢደክም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ደሙን አሲድ ያደርገዋል። የማጣሪያ ኃይላቸው ደህና ከሆነ መቋረጥ የለበትም። ከ30 በታች ከሆነ በሲቲው ቀን ቆሞ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊቱ ታይቶ ይጀመራል። አንዳንድ ቦታ ለሁሉም ሰው ለሁለት ቀን ያስቆማሉ። ይህን ካሏችሁ አትጨቃጨቁ፤ ግን መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ። የሚያሳስበኝ «አቁሙ» የተባለው ተሰምቶ «ጀምሩ» የሚለው የሚረሳው ነው። ሰው ለወራት ያለ መድኃኒት ይከርማል።

ወገባቸውን ስላመማቸው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየወሰዱ አይደለም? ብዙ ሰው «መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ?» ሲባል እሱን አይቆጥረውም። ኩላሊት ላይ ከሚጨክኑት አንዱ እሱ ነው። ከሲቲው በፊትና በኋላ ለጥቂት ቀናት ይቁም፤ በፓራሲታሞል ይተኩት። ውሃ ይጠጡ። የጾም ወቅት ከሆነ በዚያ ቀን ጉሮሯቸው ደርቆ እንዳይመጡ። «ባዶ ሆድ ነይ» ከተባሉም ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠየቅ፤ ስኳር ያለበት ሰው ከማታ ጀምሮ ሳይበላ ወረፋ ላይ ሲያጥወለውለው ታያለሽ። ውሃ ግን ማንም አይከለክላቸውም።

እንቅርቱን ሰው ሁሉ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ጠበቅ አድርጌ የምይዘው እሱን ነው። አንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሲቲ መድኃኒት ውስጥ ያለው 30 ግራም ያህል ነው። አብዛኛው ከሞለኪዩሉ ሳይላቀቅ በሽንት ይወጣል። የሚላቀቀው ጥቂቱ ግን ለታይሮይድ ብዙ ነው። ዕድሜ ልኩን አዮዲን የተራበ እንቅርት ድንገት ድግስ ይቀርብለታል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ ሆርሞን ይቀይራል። ከሳምንታት በኋላ ልብ ድው ድው ማለት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ይመጣል። ያኔ ቤተሰብ «ካንሰሩ ተነሣባት» ብሎ ያለቅሳል፤ ነገሩ ግን ታይሮይድ ነው፤ መድኃኒት አለው። እንቅርት ያለው ሁሉ ይሄ ይደርስበታል ማለት አይደለም። ጥቂቱ ላይ ነው። ግን ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ የደም ምርመራ ከሲቲው በፊት ይሠራላቸው። ታይሮይዳቸው አሁኑኑ ከልክ በላይ እየሠራ ከሆነ ሲቲው በዚያው መድኃኒት መነሣት የለበትም፤ መጀመሪያ ሐኪማቸው ይየው። ለእንቅርቱ ደግሞ የታይሮይድ ስካን የሚያዝ ሰው ካለ ከሲቲው በፊት ይሠራ። ከሲቲው በኋላ ከሆነ ታይሮይዱ በአዮዲን ስለሚሞላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። የአጥንት ስካኑን ግን አይነካውም፤ የትኛውም ቢቀድም ችግር የለውም።

በዕለቱ ምን እንደሚሰማቸው ንገሪያቸው። መድኃኒቱ በፓምፕ፣ በሰከንድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ይገባል። ወዲያው ከጉሮሯቸው የሚነሣ ሙቀት በደረት፣ በሆድ አልፎ እስከ ብሽሽት ይወርዳል። አፋቸው ብረት ብረት ይላል። እናቶች ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። ሽንታቸው ያመለጣቸው ይመስላቸዋል። ማንም ስላልነገራቸው ይሳቀቃሉ፤ ከአልጋው ሲነሡ በእጃቸው ቀሚሳቸውን ይዳስሳሉ፤ ደረቅ ነው። አንዳንዷ ከዚያ በኋላ ይስቃሉ፤ አንዳንዷ አኩርፈው ይወጣሉ። ይሄ አለርጂ አይደለም፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይጠፋል።

መርፌውን በቀኝ ክንዳቸው ያድርጉላቸው። ኦፕራሲዮኑ በግራ ስለሆነ የግራ ክንዳቸው እንዳይነካ ከመጀመሪያው ይናገሩ፤ ለአጥንት ስካኑም እንደዚሁ። ኬሞ የወሰደ ሰው ደም ሥሩ ቀጭን ይሆናል፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ሊፈስ ይችላል። መርፌው ያለበት ቦታ ካቃጠላቸው ወይም ካበጠ «እችለዋለሁ» ብለው ዝም አይበሉ። ወዲያው ይጩኹ፤ ፓምፑ ይቆማል።

አለርጂው ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ ማስነጠስ ቀላሉ ነው፤ ከ100 ሰው አንዱን እንኳ አያህልም። ፊትና ጉሮሮ ማበጥ፣ ሲተነፍሱ ማፏጨት፣ ራስ መሳት ከባዱ ነው፤ ከ10,000 ሰው 4 ያህል ላይ ያጋጥማል። መፍትሔው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ በቶሎ ከተሰጠ ያድናል። ስለዚህ ከምርመራው በኋላ 30 ደቂቃ እዚያው ይቀመጡ፤ ካኑላውም (ደም ሥራቸው ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) እስከዚያ አይነቀል። እዚህ ከተማ የማይለቀን ልማድ አለ፤ ምርመራው እንዳለቀ ባጃጅ ውጪ እየጠበቀ ነው ተብሎ ይሮጣል። ባጃጁ ይጠብቅ። ምርመራው ውስጥም ከመግባታችሁ በፊት «አድሬናሊን አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቤት ከገቡ በኋላ ወተት መርዙን ያረክሳል ብሎ የሚያመጣ ሰው ይኖራል። ወተቱን ይጠጡ፤ ይጣፍጣል። መድኃኒቱን የሚያወጣው ግን ኩላሊታቸው ነው፤ ደህና ኩላሊት በ24 ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ያስወጣዋል። በሳምንቱ ውስጥ ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ቢወጣ የዘገየ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ፎቶ አንሺና ለሐኪሙ አሳይው። ከንፈር ወይም ዓይን ከቆሰለ፣ ቆዳው ከተላጠ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት።

አንድ ዘመድ «ታዲያ ያለ መድኃኒት ይነሣላት» ማለቱ አይቀርም። ለኩላሊት ጠጠር ቢሆን እስማማ ነበር። ጉበት ላይ ትናንሽ ነገር ለመፈለግ ግን ያለ መድኃኒት የተነሣ ሲቲ ብዙ ይደብቃል። ጨረሩን ወስደው፣ ብሩን ከፍለው፣ ሐኪሙ እንደገና በመድኃኒት ያዝዘዋል። «ኤምአርአይ ይሻላል» የሚልም አለ። ጨረር የለውም፤ መድኃኒቱም ጋዶሊኒየም እንጂ አዮዲን አይደለም። ኩላሊት በጣም ሲደክም ግን የድሮዎቹ የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ቆዳን እንደሚያደነድኑ ታውቋል። ሁሉም የራሱ ጣጣ አለው። የታዘዘው ለምክንያት ነው።

አንቺም አንድ ቀን ሲቲ በመድኃኒት ቢያስፈልግሽ ማጥባትሽን እንዳታቆሚ። ወተት ውስጥ የሚገባው ከተወጋሽው ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው፤ ከዚያም ላይ ሕፃኑ አንጀት የሚቀበለው እጅግ ጥቂቱን ነው። የአጥንት ስካን ከሆነ ግን ቀድመሽ የምታጠቢ መሆንሽን ንገሪያቸው።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የሲቲውን ሲዲ ከነወረቀቱ ያዙ። የአጥንት ስካኑ ውጤት ላይ ጉልበትና ወገብ አካባቢ መድኃኒት ተሰብስቧል ቢል ወዲያው ካንሰር ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ያረጀ መገጣጠሚያም፣ የቆየ ስብራትም እንዲሁ ይታያል። የሚለየው ከሲቲው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው፤ ሲዲው ከሐዋሳ ካልተያዘ ደግሞ ለእሱ ብቻ ሌላ ጉዞ ይጠብቃችኋል።